ባንዴ የሚመስለን ዓለም



ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጉልኝ። ከኋላ የተቀመጣችሁትም። አትፈሩ፣ ሁሉም የራሱን ጣት እያየ ስለሆነ ማንም አያያችሁም። አሁን ጥፍሩን ተመልከቱ። በዚህች ቅጽበት ጥርት አድርጋችሁ የምታዩት የዓለም ክፍል ከዚያ ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ሌላው ሁሉ፣ ጣሪያው፣ መጋረጃው፣ የእኔ ፊት፣ ከጎናችሁ ያለው ሰው፣ ብዥ ያለ ነው። ካላመናችሁኝ ዓይናችሁን ከጥፍሩ ሳታነሡ ጎረቤታችሁ ፈገግ ይበል ወይም ይኮሳተር ለመለየት ሞክሩ። ሰው መኖሩን ታውቃላችሁ። ፊቱን ለማንበብ ግን ዓይናችሁ ሳትፈቅዱለት ይሰርቃል።

እጃችሁን አውርዱ፤ አመሰግናለሁ።

ይህ አዳራሽ ሙሉ ሆኖ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጠርቶ፣ ባንዴ የታያችሁ ይመስላችኋል። ባንዴ የገባ ነገር ግን የለም። ወደ አንጎላችሁ የገባው ቁርጥራጭ ነው፤ እሱም በየተራ ነው የገባው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው፦ ቦታ የምንለውን ነገር አንጎል የሚሠራው ከጊዜ ነው። የቀደመውንና የተከተለውን ሲያጋጥም “እዚህ” እና “እዚያ” ይወጣል። ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በአይጥ ጭንቅላት ውስጥና በለንደን ታክሲ ነጂዎች ላይ ሲታይ የኖረ ነገር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ብቻ ያዙልኝ።

ከዓይን እንጀምር። በዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን ተነጥፏል። በእያንዳንዱ ዓይን ሬቲና ላይ ለጭላንጭል ብርሃን የተፈጠሩ 120 ሚሊዮን ያህል ሴሎች አሉ፤ ቀለምንና ዝርዝርን የሚለዩት ደግሞ 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ስለዚህ ወሬው ገና ዓይን ውስጥ ሳለ ይጠቀለላል፣ ይመረጣል፣ ግማሹም ይጣላል። ዝርዝር የሚለዩት ሴሎች እጅግ ተጨናንቀው የሚገኙት በሬቲናው መሐል ባለች ጠባብ ስርጉድ ውስጥ ነው። ቅድም በጥፍራችሁ የለካናት እሷን ነው።

መሐሉ ብቻ አጥርቶ የሚያይ ከሆነ ዓይን ያለው አማራጭ መዝለል ነው። በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል። እኔን ስትሰሙ እንኳ ዓይናችሁ ከዓይኔ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ በሩ፣ ምናልባት ቡናው ደርሶ እንደሆነ ለማየት፣ ሲዘል ቆይቷል። የአንድ ቀኑ ሲደመር ከመቶ ሺህ ይበልጣል። መሶብ የምትሰፋ ሴት በአንድ ጊዜ የምትወጋው አንዲት ቀዳዳ ነው፤ ጥለቱ የሚወጣው ዙር በዙር ላይ ሲደረብ ነው። ዓይንም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ እኛ ጥለቱን እንጂ ወስፌውን አለማየታችን ነው።

ወስፌው እንዴት እንደሚደበቅ ማወቅ የሚፈልግ ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ይቁም። ቀኝ ዓይናችሁን እዩ፣ ከዚያ ግራውን፣ ደግሞ ቀኙን። ዓይናችሁ ሲንቀሳቀስ ፈጽሞ አታዩትም። አጠገባችሁ የቆመ ሰው ግን ቁልጭ አድርጎ ያየዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሬይመንድ ዶጅ ይህን የጻፈው በ1900 ነው። በእሱ ዘመን ያልነበረ ሌላ ሙከራ ደግሞ በኪሳችሁ ይዛችሁ መጥታችኋል። ያንኑ ነገር በስልካችሁ የፊት ካሜራ ብታደርጉት ዓይናችሁ ሲዘል ታገኙታላችሁ። ስልኩ ምስሉን አዘጋጅቶ እስኪያሳያችሁ ጥቂት ይዘገያል፤ እሱ ሲያሳያችሁ የእናንተ ዝላይ አልቆ አንጎላችሁ እንደገና ማየት ጀምሯል።

በዝላዩ ወቅት አንጎል የሚመጣለትን የተቀባባ ምስል ያፍነዋል። አንዱ ዝላይ የሰከንድ ሃያኛ ያህል ቢወስድ ነው፤ ነገር ግን የቀኑን ብትደምሩት በደንብ ሳናይ የምናሳልፈው ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህን ጉድጓድ ማንም አያውቀውም። እንዴት እንደሚደፈን በከፊል የሚነግረን የግድግዳ ሰዓት ነው። ዓይናችሁን ድንገት ወደ ሰዓቱ ስታዞሩ ሰከንድ ቆጣሪው ለአፍታ የቆመ መስሏችሁ አያውቅም? የመጀመሪያዋ ሰከንድ ከቀጣዮቹ ትረዝማለች። ኪዬላን ያሮውና ባልደረቦቹ በ2001 እንዳሳዩት፣ አንጎል ከዝላዩ በኋላ ያገኘውን ምስል ወደ ኋላ ስቦ ዝላዩ በጀመረበት ጊዜ ላይ ያስቀምጠዋል። ባዶውን ጊዜ በኋላ በመጣው ነገር ይሞላና “ሁልጊዜም እንዲህ ነበር” ይለናል። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ የተሰማኝ ከመደነቅ ይልቅ መታለል ነበር። የገዛ አንጎሌ መዝገቡን ያስተካክላል፤ እኔንም አይጠይቀኝም።

መዝገቡ የሚስተካከልበት ሌላም ምክንያት አለ፤ መዘግየት። ብርሃን ሬቲና ላይ ካረፈ በኋላ ወሬው ከማጅራታችን ከፍ ብሎ ወዳለው የአንጎል የእይታ ክፍል እስኪደርስ ከሰከንድ ሃያኛ እስከ ሰከንድ አሥረኛ ይፈጃል። ይህን የጠረጠሩ ሰዎች ከጥንትም ነበሩ። የዛሬ ሺህ ዓመት በካይሮ የሠራው ኢብን አል-ሃይሠም ስለ ብርሃንና ስለ እይታ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ፣ ያዩትን ነገር ምንነት ማወቅ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ፍርዱ እጅግ ፈጣን በመሆኑ ብቻ እንደማይታወቀን ተከራክሯል። መለኪያ ግን አልነበረውም። መለኪያውን ያመጣው ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። መምህሩ ዮሐንስ ሙለር የነርቭ ፍጥነት ከቶ ሊለካ አይችልም ይል ነበር። ሄልምሆልትዝ በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለካውና በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ሆኖ አገኘው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ የሚከንፍ መኪና ሊያህለው ይችላል ማለት ነው። መብረቅ ነው ሲባል የኖረው ሐሳብ በታርጋ ቁጥር የሚያዝ ሆነ።

አሁን መንገድ ለመሻገር ቆማችሁ አንድ ሚኒባስ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲመጣባችሁ አስቡ። በሰከንድ አሥረኛ ውስጥ 1.7 ሜትር ያህል ይጓዛል። የምታዩት ሚኒባስ ቅድም በነበረበት ቦታ ላይ ነው እንጂ አሁን ባለበት አይደለም። በፍጹም ቅጣት ምት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተመታች ኳስም 11 ሜትሩን ለመጨረስ የሰከንድ አራት አሥረኛ ይበቃታል፤ የግብ ጠባቂው ዓይንና አንጎል ገና በመነጋገር ላይ ሳሉ ሩቡ ጊዜ አልቋል። ያም ሆኖ መንገድ እንሻገራለን፤ ኳስም ይያዛል።

ታዲያ አንጎል ምን ያደርጋል? ሮሚ ኒጃዋን የተባለ ተመራማሪ በ1994 በእንግሊዝ “ኔቸር” መጽሔት ላይ አንድ ቀላል ነገር አሳየ። የሚንቀሳቀስ ነገር አጠገብ፣ ልክ ትይዩ ሲሆን፣ አንድ ብርሃን ለቅጽበት ብልጭ ይደረጋል። ሁለቱ እኩል ናቸው። ተመልካቹ ግን የሚንቀሳቀሰው ቀድሞ፣ ብልጭታው ወደ ኋላ ቀርቶ ያያቸዋል። የኒጃዋን ማብራሪያ፣ አንጎል መዘግየቱን ስለሚያውቅ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ወደ ፊት ገፍቶ አሁን ሊሆን በሚገባው ቦታ ያስቀምጠዋል የሚል ነው። ዴቪድ ኢግልማንና ቴረንስ ሴይኖውስኪ በ2000 ተቃወሙት። የለም፣ አንጎል አይተነብይም፤ ከብልጭታው በኋላ የሰከንድ አሥረኛ ላልሞላ ጊዜ የመጣውን ወሬ ጠብቆ ነው “ያን ጊዜ እንዲህ ነበር” ብሎ የሚፈርደው አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኔ ሁለቱም ሳይሠሩ አይቀሩም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ለእጅ ትንቢት ያስፈልገዋል፣ ለምስክርነት ግን መጠበቅ ይቻላል። የትኛውም ቢያሸንፍ “አሁን” ብለን የምናየው ነገር ያለፈውና የሚመጣው ተዋህደው የተሠራ መሆኑ አይቀርም።

እንቅስቃሴ ራሱም እንዲህ ይሠራል። ማክስ ቬርትሃይመር በፍራንክፈርት በ1912 ባሳተመው ጥናት ሁለት የማይንቀሳቀሱ ምልክቶችን በየተራ አሳየ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ 30 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺሕኛ አንድ ሚሊሰከንድ ነው) ያህል ሲሆን ሰዎች ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አዩ። 200 ሚሊሰከንድ ሲሆን አንዱን ከአንዱ በኋላ አዩ። 60 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሲሆን ግን አንድ ነገር ከዚያ ወደዚህ ሲሄድ አዩ። የሄደ ነገር አልነበረም። ሲኒማ ቤት ገብታችሁ ያለቀሳችሁበት ፊልም ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ይህ መገጣጠሚያ ቢሰበርስ? እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

በ1983 የሙኒኩ ዮዜፍ ጺልና ባልደረቦቹ የአንዲት የ43 ዓመት ሴት ታሪክ አሳተሙ። በሕክምና ጽሑፍ የምትታወቀው ኤል.ኤም. በሚሉ ፊደላት ብቻ ነው። የአንጎሏ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ፣ በግራም በቀኝም ከኋላ በኩል ያለው የአንጎሏ ክፍል ተጎዳ። ስትድን ቀለም ትለያለች፣ ፊት ታውቃለች፣ ታነባለች፣ የዕቃ ስም ትጠራለች። የጠፋባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅስቃሴ። ሻይ ስትቀዳ ፈሳሹ እንደ በረዶ ግግር ቆሞ ይታያታል። ሲሞላ ስለማታየው መቼ ማቆም እንዳለባት አታውቅም፤ ድንገት ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። ሰዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያስጨንቃታል፤ እዚህ የነበረው ሰው በድንገት እዚያ ሆኖ ይገኛል፣ ሲሄድ ግን አላየችውም። ከሰው ጋር ማውራት ይከብዳታል፤ የተናጋሪው አፍ አይንቀሳቀስም። መንገድ ለመሻገር ስትቆም መኪናው ሩቅ ነው፤ ልትራመድ ስትል አጠገቧ ነው።

እስቲ ይህን አስቡት። ዓይኗ ጤነኛ ነው። እያንዳንዱ ምስል ጥርት ያለ ነው። ምንም ቁራጭ አልጎደላትም፤ የጎደላት ቁራጩን ከቁራጭ የሚያያይዘው ነው። እና ጊዜው ሲጠፋ የጠፋው ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ ቦታውም አብሮ ተናጋ። መኪናው “የት ነው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፣ ምክንያቱም “የት” የሚባለው ለሚንቀሳቀስ ነገር “ከየት ወደ የት” ሲኖር ነው። ሴትዮዋ በኋላ የራሷን ዘዴ አገኘች። የመኪናውን ድምፅ እያደመጠች፣ ሲጎላ እየቀረበ መሆኑን መገመት ተማረች። ዓይኗ የነፈጋትን በጆሮዋ ተበደረች።

የተጎዳው ሥፍራ በዝንጀሮዎች አንጎል ላይ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። በዚያ ሥፍራ ያሉት የነርቭ ሴሎች የነገሩ ቀለም ወይም ቅርጽ ብዙም አያስጨንቃቸውም፤ ወደየት እንደሚሄድ ግን ይከታተላሉ። አንዱ ወደ ቀኝ ለሚሄድ ይጮኻል፣ ሌላው ወደ ላይ ለሚሄድ። ዊልያም ኒውሰምና ባልደረቦቹ በ1990 ከዚህም አልፈው ሄዱ። አንድ ዝንጀሮ የሚተራመሱ ነጥቦች ወደየት እንደሚያደሉ እንዲፈርድ ካሠለጠኑት በኋላ፣ ለአንድ አቅጣጫ የቆሙትን ሴሎች በጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ነካኳቸው። ፍርዱ ወደዚያ አቅጣጫ አዘነበለ። ነጥቦቹ አልተለወጡም፤ ዳኛው ተለወጠ።

ሌላዋ ሴት ደግሞ ዲ.ኤፍ. ናት። በ1988 በካርቦን ሞኖክሳይድ ጢስ ታፍና ለጥቂት ተረፈች። ከሰል አንድዶ በር መዝጋት በእኛም ሀገር ስንቱን ቤት እንደጎዳ ታውቃላችሁና ማብራራት አያስፈልገኝም። ዲ.ኤፍ. ስትነቃ የነገሮችን ቅርጽ ማወቅ አቅቷት ነበር። ሜልቪን ጉዴልና ዴቪድ ሚልነር ስንጥቅ ያለው ክብ ሰሌዳ አቀረቡላት፤ ስንጥቁ አንዴ ቀጥ ይላል፣ አንዴ ያዘነብላል። “በእጅሽ ያለውን ካርድ እንደ ስንጥቁ አዘንብለሽ አሳዪን” ሲሏት ይጠፋታል፤ በግምት ትሞክራለች። “እንደ ደብዳቤ ክተቺው” ሲሏት ግን እጇ ሳያመነታ ካርዱን አስተካክሎ ይከታል። እሷ የማታውቀውን እጇ ያውቃል።

የጉዴልና የሚልነር ማብራሪያ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ አለ። የእይታ ወሬ ከአንጎል ኋላ ተነሥቶ በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ የታችኛው “ይህ ምንድን ነው” ይላል፣ የላይኛው “እንዴት ልያዘው” ይላል። ለዛሬው ጉዳዬ ግን የሚበልጠው ጉዴል ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በ1994 ያሳተመው ሙከራ ነው። ዲ.ኤፍ. ፊቷ ያለውን ዕቃ ልታነሣ ስትል ጣቶቿ እንደ ዕቃው መጠን ይከፈታሉ። ዕቃውን አሳይተዋት፣ ወስደውት፣ ሁለት ሰከንድ አቆይተው “አሁን እዚያ እንዳለ አድርገሽ ያዢው” ሲሏት ግን ጣቶቿ መጠኑን አያውቁትም። ጤነኞች ይችላሉ። የላይኛው መንገድ ትዝታ የለውም፤ ለአሁን ብቻ ይሠራል፤ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ባዶ ነው። የቆየውን የሚያስታውሰው የታችኛው መንገድ ነው፤ የእሷ ደግሞ ተጎድቷል። እንግዲህ በአንድ ራስ ቅል ውስጥ ሁለት ሰዓቶች አሉ፤ አንዱ ለእጅ፣ አንዱ ለማወቅ።

በሐሳብ ውስጥም ሰዓቱ ይቆጥራል። ሮጀር ሼፐርድና ዣክሊን ሜትዝለር በ1971 ሰዎች በተለያየ ማዕዘን የዞሩ የሁለት ቅርጾችን ሥዕል አይተው አንድ ዓይነት ወይም ልዩ መሆናቸውን እንዲናገሩ አደረጉ። የማዕዘኑ ልዩነት በጨመረ ቁጥር መልሱ በቀጥታ እየዘገየ ሄደ፤ በሰከንድ 60 ዲግሪ ገደማ። ሰው በሐሳቡ ዕቃ ሲያዞር ዕቃው በየማዕዘኑ እያለፈ ይዞራል ማለት ነው፤ አቋራጭ የለውም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሰከንድ ክፍልፋዮች ነው። አሁን ወደ ደቂቃዎችና ወደ ዓመታት፣ ከአንድ አዳራሽም ወደ አንድ ከተማ እንውጣ። ከተማን ማንም ባንዴ አይቶ አያውቅም። በእግር፣ በታክሲ፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ነው የምናየው። ሆኖም አሁን “መስቀል አደባባይ በየት በኩል ነው?” ብላችሁ ብትጠየቁ አብዛኞቻችሁ በግድግዳው በኩል አልፋችሁ በእጃችሁ ትጠቁማላችሁ።

ይህን የሚያደርገው ከጆሮ በላይ፣ ወደ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ ያለው ሂፖካምፐስ የሚባል የአንጎል ክፍል ነው። ጆን ኦኪፍ በለንደን ከጆናታን ዶስትሮቭስኪ ጋር በ1971 በዚያ ውስጥ አንድ ሴል የሚጮኸው አይጡ በክፍሉ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲሆን ብቻ መሆኑን አሳተመ። ሌላ ቦታ ሲሄድ ሌላ ሴል ይረከባል። በ2005 ደግሞ በኖርዌይ ትሮንድሃይም ከተማ ማይ-ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር ከሂፖካምፐስ አጠገብ ባለችው ኢንቶራይናል በምትባል ሥፍራ፣ አይጡ ሲንሸራሸር ወለሉን በእኩል ባለ ሦስት ማዕዘን መረብ የሚከፋፍሉ ሴሎችን አገኙ። ኦኪፍና ሁለቱ ሞዘሮች በ2014 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ጋዜጦች ይህን “የአንጎል ካርታ” እያሉ ጻፉት። እኔ ቃሉን አልወደውም። ካርታ የተኛ ነገር ነው፤ ይህ ግን ይሄዳል። ኦኪፍ ራሱ ከማይክል ሬስ ጋር በ1993 ያሳየው ነገር ለእኔ ከሽልማቱ ሥራ አያንስም። አይጥ ሲራመድ ሂፖካምፐሱ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ በሚል ምት ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ውስጥ የቦታ ሴሎቹ በተራ ይጮኻሉ፤ መጀመሪያ አይጡ ያለፈው ቦታ፣ ቀጥሎ ያለበት፣ ከዚያ ገና ሊደርስበት ያለው። ሰከንዶች የፈጀው ጉዞ በሰከንድ ስምንተኛ ውስጥ ተጨምቆ ይደገማል። አዳም ጆንሰንና ዴቪድ ሬዲሽ በ2007 እንዳሳዩት ደግሞ አይጡ መንታ መንገድ ላይ ደርሶ ሲያመነታ፣ እግሩ ሳይነቃነቅ ሴሎቹ አንዱን መንገድ ወደ ፊት ሄደው ያዩታል፣ ተመልሰው ሌላውን ያዩታል። ሲተኛም የቀኑን መንገድ ይደግመዋል፤ ይህን ማቲው ዊልሰንና ብሩስ ማክናውተን በ1994 መዝግበውታል። ከሮጠ በኋላ ቆም ሲል ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ኋላ ይጫወተዋል።

በሰው ላይ ታዋቂው ማስረጃ የለንደን ጥቁር ታክሲ ነጂዎች ናቸው። ፈቃዱን ለማግኘት በከተማዋ መሐል ያሉ 25 ሺሕ ያህል መንገዶችን በቃል መያዝ አለባቸው፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሌኖር ማጓየር በ2000 ባሳተመችው ጥናት የ16 ነጂዎች የሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል ከሌሎች ሰዎች ተልቆ ተገኘ። ምናልባት ፊቱንም እንዲያ ሆነው የተወለዱ ናቸው ያሉ ነበሩ። በ2011 ከካትሪን ዉሌት ጋር ያሳተመችው መልስ ሆነ። 79 ሠልጣኞችን ከመነሻው ተከታትለው 39ኙ ፈተናውን አለፉ፤ መነሻ ላይ ልዩነት አልነበረም፣ መጨረሻ ላይ ግን ያደገው ያለፉት አንጎል ነው። በአንድ በተወሰነ መስመር የሚመላለሱ የአውቶቡስ ነጂዎች ይህ አይታይባቸውም። ትርፉ ያለ ኪሳራ እንዳልመጣም ልንገራችሁ፤ የታክሲ ነጂዎቹ የሂፖካምፐስ የፊት ክፍል ያነሰ ነበር፤ አዲስ የታየ ውስብስብ ሥዕልን ቆይቶ በማስታወስም ከሌሎች ደከም ብለው ተገኝተዋል።

እኛስ? እኛ ቤታችንን ለእንግዳ ስናስረዳ የመንገድ ስምና ቁጥር የምንሰጠው ስንቶቻችን ነን? “ከታክሲ ስትወርድ ወደ ኋላ ትንሽ ተመለስ፣ ፋርማሲውን ስታገኝ ወደ ግራ እጠፍ፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ደውልልኝ” ነው የምንለው። አንዳንዱ ዘመናዊ ሰው በዚህ ያፍርበታል። ግን ሂፖካምፐስ የሚረዳው ቋንቋ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያ፣ ከዚያ በኋላ ይህ። ምልክቶቹ ቦታ ሲቀይሩ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሮበርት ሙለርና ጆን ኩቢ በ1987 በአይጥ ላይ አይተዋል። ክብ በሆነ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አንድ ካርቶን ሲያዞሩት የቦታ ሴሎቹ አብረውት ዞሩ። የፒያሳና የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ከፈረሰ በኋላ እዚያ ተወልደው ያደጉ ሰዎች መሐል መንገድ ላይ ቆመው “ይቺ የቷ ናት?” ሲሉ ሰምቼ ያሰብሁት ያንን ካርቶን ነው።

አብሮ የሚነሣው የስልክ መንገድ መሪ ነው። በ2017 የሁጎ ስፒርስ ቡድን ሰዎች በለንደን የሶሆ ሰፈር መንገዶች በፊልም ሲጓዙ አንጎላቸውን ለካ። ራሳቸው መንገድ ሲፈልጉ፣ ብዙ ቅያስ ያለው ጎዳና ውስጥ በገቡ ቁጥር ሂፖካምፐሳቸው ይነሣ ነበር። መሣሪያው “ወደ ግራ ታጠፍ” ሲላቸው ግን ለቅያሶቹ ደንታ አልነበረውም። መሣሪያውን ጣሉት ልላችሁ አልመጣሁም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የደረሰ ሰው ሁሉ ግን መንገዱን አወቀ ማለት አይደለም።

ያው ስፒርስ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2016 በስልክ የሚጫወቱት፣ በጀልባ በባሕር ላይ መንገድ የሚፈልጉበት ጨዋታ ለዓለም ሁሉ ለቀቀ። በ2022 ከ38 አገሮች ከ400 ሺሕ በሚጠጋ ሕዝብ የተገኘው ውጤት ታተመ። ከከተማ ውጭ ያደጉ ሰዎች በአማካይ መንገድ በማግኘት ይሻላሉ። ከከተሜዎቹም መንገዱ እንደ ቺካጎ በቀጥታ መስመር በተሰደረበት ያደጉት፣ እንደ ፕራግ በተጠማዘዘበት ካደጉት ይልቅ መንገዱ ጠመዝማዛ የሆነባቸው የጨዋታ ደረጃዎች ከበዷቸው። የእኛን ሰፈር የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚረግሙ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ጥቂት ይለዝቡ ይሆናል።

ጨዋታው የተሠራው ግን ለመዝናኛ አልነበረም፤ ለአልዛይመር በሽታ ምርምር ነው። ሃይኮና ኤቫ ብራክ በ1991 እንደገለጹት፣ በአልዛይመር በአንጎል ሽፋን ላይ ጉዳቱ ከሚጀምርባቸው ሥፍራዎች ዋነኛዋ ያችው የሞዘሮች መረብ የተገኘባት ኢንቶራይናል ናት። ስለዚህ አንዳንድ ታማሚ የልጆቹን ስም ሳይስት በፊት መንገድ ይጠፋበታል። ሽማግሌው አባታችን ለአርባ ዓመት ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ ቆመው ሲያመነቱ ብታዩ “እርጅና ነው” ብላችሁ አትለፉት። አንድ ቀን መሳሳት በሽታ አይደለም፤ ድካምም፣ የዓይን ሞራም፣ የፈረሰ ሰፈርም ሊያሳስት ይችላል። ከተደጋገመ ግን ሐኪም ዘንድ ስትወስዷቸው የረሱትን ስም ብቻ አትንገሩት። መንገዱንም ንገሩት፤ የት ላይ እንደተምታታባቸው፣ ከየት ወደ የት ሲሄዱ እንደነበር፣ ብቻቸውን ወይስ ከሰው ጋር እንደነበሩ፣ ያ መንገድ ምን ያህል ያውቁት የነበረ እንደሆነ። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ይህን አይጠይቅም፣ ቤተሰቡም መናገር ያለበት አይመስለውም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ማይክሮፎኑ በቀኝ በኩል አለ።